«መርፌ ወጋኝ፤ ምን ላድርግ?» ለሆስፒታል ሠራተኞች የአሠራር መመሪያ

ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። የሚጠይቁኝ ነርሶች፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ተለማማጅ ሐኪሞች፣ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሌሊት ዲዩቲ ላይ ነው። የሚያሳስበኝ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። «ከትናንት ወዲያ ነበር፤ ትንሽ ጭረት ስለሆነች ዝም አልኩ» ይሉኛል። እዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ሰዓት ሁሉንም ነገር ይወስናል። ስለዚህ መልሱን በተራ ላስቀምጠው።

አሁን፣ በዚህች ደቂቃ የተወጋችሁ ከሆነ መግቢያውን ተዉትና ቀጥታ ወደ ተራ ቁጥር 1 ሂዱ። የቀረውን ታጥባችሁ ስትጨርሱ ታነቡታላችሁ።

የሚያሰጋው የትኛው ጉዳት ነው?

መመሪያው ለመርፌ ብቻ አይደለም። ደም የነካው ማንኛውም ስለት ቆዳችሁን ከቀደደ ተጋልጣችኋል፦ የቀዶ ሕክምና ምላጭ፣ የስፌት መርፌ፣ ላንሴት፣ የተሰበረ የናሙና ብልቃጥ። ደም ዓይናችሁ ውስጥ፣ አፋችሁ ውስጥ፣ አፍንጫችሁ ውስጥ ወይም የቆሰለ ቆዳችሁ ላይ ከተረጨም እንዲሁ ነው። ምንም ቁስል የሌለው ጤነኛ ቆዳ ላይ የፈሰሰ ደም ግን ታጥቦ የሚያልቅ ነገር ነው።

ከደም ሌላ የአከርካሪ ፈሳሽ፣ ከሳንባ ሽፋን ወይም ከሆድ የተቀዳ ፈሳሽ፣ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ፣ የእንሽርት ውሃ፣ የዘር ፈሳሽና የሴት ብልት ፈሳሽ እንደ ደም ይቆጠራሉ። ሽንት፣ ላብ፣ እንባና ትውከት ደም ካልታየባቸው በስተቀር እዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም።

የምንጨነቅባቸው ቫይረሶች ሦስት ናቸው፦ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ። ታካሚው ቫይረሱ ካለበትና እናንተ መድኃኒት ካልወሰዳችሁ፣ አንድ ጊዜ በመወጋት ኤችአይቪ የመተላለፍ ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ከ1000 ተወጊዎች 3 ሰው እንደማለት ነው። ሄፓታይተስ ሲ 2 በመቶ አይሞላም። ሄፓታይተስ ቢ ግን ክትባት ላልወሰደ ሰው ከ6 እስከ 30 በመቶ ይደርሳል። ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ኤችአይቪ ነው። በቀላሉ የሚተላለፈው ግን ሄፓታይተስ ቢ ነው። ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ ሳይቀር ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ተራ ቁጥር 8ን እንዳትዘሉት።

አስቀድሞ መገኘት ያለበት

እነዚህን ጉዳት ከደረሰ በኋላ መፈለግ አይቻልም። ዛሬ ዋርዳችሁ ውስጥ ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

- የሚፈስ ውሃና ሳሙና፣ ከሥራ ቦታው ቅርብ
- ዓይን ለማጠብ ኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ)
- ጎዝና ፕላስተር
- የፔፕ (ከተጋለጡ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚወሰድ መድኃኒት) መጀመሪያ ዶዝ። ፋርማሲው ሌሊት የሚዘጋ ከሆነ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ይታወቅ
- ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ እና ለሄፓታይተስ ሲ ፈጣን መመርመሪያ
- የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፤ ኢሚውኖግሎቡሊን (ከክትባቱ ጋር የሚሰጥ፣ ወዲያው የሚከላከል መርፌ) የሚገኝበት ቦታም ይታወቅ
- የአደጋ ማሳወቂያ ቅጽ
- ሌሊትም ቅዳሜና እሑድም የሚያነሳ ሰው ስልክ ቁጥር፣ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ
- የራሳችሁ የክትባት ካርድ። ፎቶ አንሥታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቤት ሄዶ ካርድ የሚያመጣ ሰው የለም

ደረጃዎቹ

1. ሥራውን አቁሙ፣ ስለቱን አስወግዱ

ታካሚው አደጋ ላይ እንዳይወድቅ ባልደረባ ጠርታችሁ አስረክቡ። የወጋችሁን መርፌ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ (የስለት መጣያ ሳጥን) ውስጥ ጣሉት። ክዳኑን ለመመለስ አትሞክሩ። የደነገጠ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለተኛው መወጋት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። መርፌውን «ይመርመር» ብላችሁም አታስቀምጡት። መርፌ ላይ የቀረ ደም ተመርምሮ የሚታመን ውጤት አይሰጥም፤ የያዘውን ሰው ደግሞ ሊወጋ ይችላል።

2. ታጠቡ

ጓንታችሁን አውልቁ። የተወጋውን ቦታ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ታጠቡ። ረጋ ብላችሁ፣ ሳትፈገፍጉ። ደሙ በራሱ ከፈሰሰ ይፍሰስ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በደመ ነፍስ ነው። ጣቱን እየጨመቀ ደም ያወጣል። ወይም ይመጠዋል። ወይም በረኪና ያፈስበታል። ሦስቱንም አታድርጉ። መጭመቅ ቫይረሱን እንደሚያስወጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ሥጋውን ግን ያደቀዋል። በረኪናና ሌላ ጠንካራ ኬሚካል ቆዳውን አቃጥሎ ቁስሉን ያሰፋዋል። መምጠጥ ደግሞ ደሙን ወደ አፍ መውሰድ ነው። ሳሙናና ውሃ የሚሠሩት ቀላል ሥራ ነው፦ ቆዳው ላይ የቀረውን ደም ያነሣሉ።

ደም ዓይን ውስጥ ከገባ ተቀመጡና ጭንቅላታችሁን ወደ ኋላ አዘንብሉ። ባልደረባችሁ ንጹሕ ውሃ ወይም ኖርማል ሳላይን እያፈሰሰ የላይኛውንና የታችኛውን ሽፋን ቀስ ብሎ ይግለጥ። እስከ 15 ደቂቃ እጠቡ። ኮንታክት ሌንስ ካደረጋችሁ መጀመሪያ ሳታወልቁ እጠቡ፤ ከዚያ አውልቃችሁ ድገሙ። ዓይን ውስጥ ሳሙናም አልኮልም አይገባም። አፍ ውስጥ ከገባ ወዲያው ትፉት፤ በውሃ ደጋግማችሁ ተጉመጥመጡ፤ አትዋጡት።

3. ሰዓቱን ጻፉ፣ ተናገሩ

የተወጋችሁበትን ሰዓት ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የሚቆጠረው ከዚያች ደቂቃ ነው። ከዚያ ለተረኛ ኃላፊ ወይም ለኢንፌክሽን መከላከል ክፍል ንገሩ። ዲዩቲው እስኪያልቅ አትጠብቁ። ማሳወቂያ ቅጹም በዚያው ፈረቃ ይሞላ፦ የት፣ በምን ዓይነት መርፌ፣ ምን እየሠራችሁ ሳለ።

ብዙዎች ዝም የሚሉት «ጥንቃቄ የጎደለው» እንዳይባሉ ነው። ይህን ፍርሃት እረዳዋለሁ። ግን ካልተመዘገበ ጉዳቱ በሥራ ላይ ለመድረሱ ማስረጃ አይኖራችሁም፤ ሕክምናም ካሳም ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ኃላፊ የሆናችሁ ደግሞ ሠራተኛው ሲመጣ የመጀመሪያ ቃላችሁ «ታጠብክ?» ወይም «ታጠብሽ?» ይሁን። «እንዴት እንዲህ ሆነ?» የሚለው ነገ ይደርሳል።

4. ጉዳቱን መዝኑ

መዛኙ የተወጋው ሰው ራሱ ባይሆን ይመረጣል። የፈራ ሰው ወይ ያጋንናል ወይ ያቃልላል። የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦

- መርፌው ውስጡ ክፍት ነው ወይስ ድፍን? የደም መቅጃና የካኑላ መርፌ ውስጡ ደም ይይዛል፤ ስለዚህ ከስፌት መርፌ ይልቅ ያሰጋል።
- ጉዳቱ ጥልቅ ነው ወይስ ጭረት?
- መርፌው ላይ ደም በዓይን ይታይ ነበር?
- መርፌው የታካሚው ደም ሥር ውስጥ ገብቶ ነበር?
- የታካሚው ሁኔታ ምንድን ነው? ኤችአይቪ ካለበት ሕክምና ላይ ነው? የቅርብ ጊዜ ቫይራል ሎዱ (ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ስንት ነው?
- ጓንት ነበር? ጓንት መርፌን አያቆምም፤ ግን መርፌው ሲያልፍበት ከላዩ ላይ ያለውን ደም በከፊል ይጠርገዋል።

ጥልቅ ጉዳት፣ የሚታይ ደም፣ ከደም ሥር የወጣ መርፌ፣ ከፍ ያለ ቫይራል ሎድ፦ እነዚህ አራቱ የኤችአይቪን ስጋት ከፍ እንደሚያደርጉ በጥናት የታወቁ ናቸው። ቅጹ ላይም በደንብ ይጻፉ።

5. የፔፕን የመጀመሪያ ዶዝ ዋጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን አስታውሱ። ፔፕ ማለት ከተጋለጡ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። መጀመር ያለበት በሰዓታት ውስጥ ነው። በቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይጀመርም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ቫይረሱ በቆዳ በኩል እንደገባ መላ ሰውነትን አይወርርም። መጀመሪያ በገባበት አካባቢ ባሉ ሴሎች ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ወደ ንፍፊቶች ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ደም። ይህ ጉዞ ቀናት ይወስዳል። መድኃኒቱ የሚሠራው ቫይረሱ ሳይራባና ሥር ሳይሰድ ከደረሰበት ነው። አንዴ ሥር ከሰደደ ፔፕ አያስወጣውም።

ስለዚህ «የታካሚው ውጤት እስኪመጣ ልጠብቅ» አትበሉ። ታካሚው ኤችአይቪ ካለበት፣ ወይም ሁኔታው ካልታወቀና ጉዳቱ የሚያሰጋ ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ዶዝ ዋጡና ውጤቱን ከዚያ ጠብቁ። ታካሚው ነፃ ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱን ማቆም ቀላል ነው። ያለፈን ሰዓት መመለስ ግን አይቻልም።

በአሁኑ ጊዜ በብዛት የሚሰጠው የሦስት መድኃኒት ቅንጅት ነው፦ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲን እና ዶሉቴግራቪር። ብዙ ቦታ ሦስቱ በአንድ ክኒን ተጣምረው ይገኛሉ፤ በቀን አንድ ጊዜ ለ28 ቀን ይወሰዳሉ። ታካሚው የኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰደ ቫይራል ሎዱ አልወርድ ካለ ለሐኪሙ ንገሩ፤ ቅንጅቱ ሊቀየር ይችላል። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ዶዝ አያዘገየውም። እርግዝናም ፔፕ አይከለክልም።

ፔፕ የማያስፈልገው መቼ ነው? ታካሚው ከኤችአይቪ ነፃ መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ደሙ የነካው ጤነኛ ቆዳ ብቻ ሲሆን፣ ወይም የነካችሁ ፈሳሽ የማያስተላልፍ ዓይነት ሲሆን። ራሳችሁ ከዚህ በፊት ኤችአይቪ ያለባችሁ ከሆነም ፔፕ የእናንተ አይደለም፤ መደበኛ ሕክምናችሁን ቀጥሉ።

6. የታካሚው ደም ይመርመር

ታካሚውን የሚያናግረው ሌላ ሰው ይሁን፤ የተወጋው ሰው አይደለም። ሁለቱም ጭንቀት ላይ ናቸውና። ፈቃድ ይጠየቃል፤ ውጤቱም በምስጢር ይያዛል። በዚህ መልክ ማለት ይቻላል፦ «ለእርስዎ የተጠቀምንበት መርፌ አንድ ባልደረባችንን ወጋው። እርስዎ ምንም ጥፋት የለብዎትም። ባልደረባችን መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነ ለማወቅ ደምዎን ብንመረምር ይፈቅዳሉ? ውጤቱን ለእርስዎም እንነግርዎታለን።» እንዲህ ረጋ ተብሎ የተጠየቀ ሰው በአብዛኛው እሺ ይላል።

የሚመረመሩት ሦስት ናቸው፦ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ። ታካሚው ራሱን የማያውቅ ከሆነ ወይም ካልፈቀደ በአገሩ ሕግና በሆስፒታሉ አሠራር ይሄዳል። ማንም በድብቅ ደም አይቅዳ።

ውጤቱ ነፃ ቢልም አንድ ነገር ይጠየቅ፦ ታካሚው በቅርብ ሳምንታት ለኤችአይቪ የሚያጋልጥ ነገር ገጥሞታል? ገና የተያዘ ሰው ዊንዶ ፔሬድ ላይ ሊሆንና ምርመራው ላያሳየው ይችላል። ጥርጣሬ ካለ ፔፑ ይቀጥላል።

መርፌው የማን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ለምሳሌ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ የተገኘ ከሆነ፣ ውሳኔው በመርፌው ዓይነትና በመጣበት ክፍል ላይ ተመሥርቶ ይሰጣል። «ባለቤቱ አይታወቅም» ማለት «አያሰጋም» ማለት አይደለም።

7. የራሳችሁ ደም ይቀዳ

በዚያው ቀን የመነሻ ምርመራ ይደረግ፦ ኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስና አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው)፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ የጉበትና የኩላሊት ሥራ። ማርገዝ ለምትችል ሴት የእርግዝና ምርመራ ይጨመር።

«ለምን እኔ እመረመራለሁ? የተወጋሁት እኔ!» የሚል ቅሬታ እሰማለሁ። የመነሻ ምርመራ የሚጠቅመው ለእናንተው ነው። ከወራት በኋላ ውጤት ቢቀየር ከዚህ ጉዳት የመጣ መሆኑን የሚያሳየው ዛሬ ነፃ የነበራችሁ መሆኑ ነው። በተጨማሪም ቴኖፎቪር በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ የኩላሊታችሁ ሁኔታ መታወቅ አለበት።

8. ሄፓታይተስ ቢን ለብቻው ፍቱት

ፔፕ ወሰድን ብላችሁ እዚህ እንዳታቆሙ። የሚደረገው በክትባት ታሪካችሁ ይወሰናል፦

- ሦስቱንም ክትባት ጨርሳችሁ፣ ከዚያ የአንቲቦዲ መጠናችሁ 10 mIU/mL እና ከዚያ በላይ መሆኑ በምርመራ ከታወቀ፦ ምንም አያስፈልግም። ተጠብቃችኋል።
- ክትባቱን ጨርሳችሁ አንቲቦዲ ካልተለካላችሁ፦ አሁን ይለካ። ከ10 በታች ከሆነና ታካሚው ቫይረሱ ካለበት ወይም ካልታወቀ ኢሚውኖግሎቡሊንና ክትባት ይሰጣል።
- ክትባት ካልጀመራችሁ ወይም ካልጨረሳችሁ፦ ክትባቱ ዛሬውኑ ይጀመር ወይም ይቀጥል። ታካሚው ቫይረሱ ካለበት ወይም ሁኔታው ካልታወቀ ኢሚውኖግሎቡሊንም ይጨመር፤ ሁለቱ በተለያየ ክንድ ይወጋሉ።
- ሁለት ዙር ሙሉ ክትባት ወስዳችሁ ሰውነታችሁ አንቲቦዲ ካልሠራ፦ ክትባት መድገም አይጠቅምም። ታካሚው ቫይረሱ ካለበት ወይም ካልታወቀ ኢሚውኖግሎቡሊን ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ወር ልዩነት ይሰጣል።

ኢሚውኖግሎቡሊን የተዘጋጀ አንቲቦዲ ነው፤ ክትባቱ ሥራ እስኪጀምር ክፍተቱን ይሸፍናል። መጠኑ በኪሎ 0.06 ሚሊ ሊትር ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ለመርፌ ጉዳት እስከ 7 ቀን ይቻላል። ኢሚውኖግሎቡሊን በቶሎ ካልተገኘ ክትባቱን ለብቻው ጀምሩት እንጂ ሁለቱ እስኪገናኙ አትጠብቁ።

9. ሄፓታይተስ ሲ

መከላከያ መድኃኒትም ክትባትም የለውም። የሚደረገው ክትትል ነው፦ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ቫይረሱን በቀጥታ የሚፈልግ ምርመራ፣ ከ4 እስከ 6 ወር ደግሞ የአንቲቦዲ ምርመራ። ቢገኝም ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚወሰድ ክኒን ከ95 በመቶ በላይ ታካሚዎች ይድናሉ። ዋናው በጊዜ መታወቁ ነው።

10. 28ቱን ቀን ጨርሱ

መድኃኒቱን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ውሰዱ፤ ስልካችሁ ላይ አላርም ሙሉ። ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የእንቅልፍ መዛባት ሊኖር ይችላል። ካቅለሸለሻችሁ ከምግብ ጋር ውሰዱት። አንድ ቀን ከረሳችሁ ባስታወሳችሁ ጊዜ ዋጡ፤ በእጥፍ አትውሰዱ። በጣም ካስቸገራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ መድኃኒቱ ይቀየራል። በራሳችሁ አታቋርጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዶሉቴግራቪር ከአንዳንድ ነገሮች ጋር አይስማማም።

- ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት ዶሉቴግራቪርን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል፤ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ዶሉቴግራቪሩን ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታችሁ ዋጡ። ለአይረንና ለካልሲየምም እንዲሁ ነው፤ እነዚህ ሁለቱን ግን ከምግብ ጋር አብሮ መውሰድ ይቻላል።
- ሜትፎርሚን የምትወስዱ ከሆነ ንገሩ፤ ደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል።
- የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን የምትወስዱ ከሆነ የዶሉቴግራቪር መጠን በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ በመነሻ ምርመራው ሄፓታይተስ ቢ ከተገኘባችሁ 28ኛው ቀን ላይ ዝም ብላችሁ አታቁሙ። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስንም ይይዛሉ። በድንገት ሲቋረጡ ጉበት ሊቆጣ ይችላል። ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን።

ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ሽፍታ ከወጣ ወይም ሽንት ከቀነሰ በዚያው ቀን ሐኪም ይያችሁ።

11. ተመልሳችሁ ተመርመሩ

የኤችአይቪ ምርመራ በ6 ሳምንትና በ3 ወር ይደገማል፤ አንዳንድ ቦታ 6 ወርም ይጨመራል። ለሄፓታይተስ ቢ የተጋለጠና መከላከያ ያልነበረው ሰው በ6 ወር ይመረመራል። ቀጠሮዎቹን ዛሬውኑ ካላንደር ላይ አስገቡ። ሲረጋጉ ይረሳሉና።

ክትትሉ እስኪያልቅ ኮንዶም ተጠቀሙ፤ ደም አትለግሱ። የምታጠባ እናት ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ ትወስን። ሥራ ግን አይከለከልም፤ ታካሚ ማየት ትችላላችሁ። በእነዚህ ሳምንታት ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የንፍፊት እብጠት ወይም ሽፍታ ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ተመርመሩ።

የመጠበቁ ጊዜ ከባድ ነው። እንቅልፍ የሚነሣቸው ብዙ ናቸው። ለአንድ የምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ሆስፒታሉ የምክር አገልግሎት ካለው ተጠቀሙበት።

እንዳይደገም

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው መርፌው ታካሚው ላይ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ትኩረቱ እዚያ ላይ ይሁን።

- ክዳን አትመልሱ። የግድ ከሆነ ክዳኑን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፤ ሌላውን እጃችሁን ከኋላችሁ አድርጉ፤ በአንድ እጅ መርፌውን ወደ ክዳኑ አስገብታችሁ አንሡት። ክዳኑን የሚይዝ እጅ ከሌለ የሚወጋ እጅ የለም።
- ሴፍቲ ቦክሱን ወደ ሥራው ውሰዱ። መርፌ ይዛችሁ ኮሪደር አትሻገሩ።
- ሦስት አራተኛው ሲሞላ ዝጉና ቀይሩ። ከአፉ የወጣ ስሪንጅ ያለበት ሳጥን ላይ ሌላ ለመጨመር መግፋት፣ ወይም «ቦታ ላብጅ» ብሎ ሳጥኑን መነቅነቅ አደጋ ነው። እጅ ወደ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።
- መርፌውን ከስሪንጁ በእጅ አትንቀሉ፤ አታጥፉ፤ አትስበሩ።
- ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ስለት ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍ። ትሪ መሐል ላይ ተቀምጦ አንዱ ያስቀምጥ፣ ሌላው ያንሣ፤ ሲያስቀምጥም ድምፁን ያሰማ። ድርብ ጓንት የውስጠኛውን ጓንት ከመበሳት ይከላከላል።
- የሚንቀሳቀስ ሕፃን ወይም የተረበሸ ታካሚ ላይ መርፌ ከመያዛችሁ በፊት የሚይዝ ሰው ጥሩ።
- የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በ0፣ በ1 እና በ6 ወር ጨርሱ። ከመጨረሻው በኋላ ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ አንቲቦዲያችሁን አስለኩ። ብዙ ሰው ሦስተኛውን ይረሳል፤ መለካቱን ደግሞ ማንም አያስታውሰውም። ያ ቁጥር ካርዳችሁ ላይ ካለ ተራ ቁጥር 8 በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

«ታካሚው ጤነኛ ይመስላል።» ሦስቱም ቫይረሶች ለዓመታት ምልክት ሳያሳዩ ይቀመጣሉ። መልክ ምርመራ አይደለም።

የጓደኛን ክኒን መዋጥ። ምስጢሬ ይጠበቅልኝ ብሎ ከሚያውቀው ሰው ሁለት ሦስት ክኒን ለምኖ የሚወስድ አለ። መጠኑ አይታወቅም፣ መነሻ ምርመራ የለም፣ 28 ቀኑም አይሞላም። መደበኛው መንገድም በምስጢር የተያዘ ነው።

የራስን ደም በስውር መርምሮ «ነፃ ነኝ» ብሎ መተው። በተወጋችሁ ማግስት የሚወጣ ውጤት የሚናገረው ስለ ትናንቱ ጉዳት አይደለም፤ ከዚያ በፊት ስለነበራችሁበት ሁኔታ ነው።

72 ሰዓት አለ ብሎ መዘናጋት። 72 ሰዓት በሩ የሚዘጋበት ነው። መድኃኒቱ በእጃችሁ እያለ «ነገ ጠዋት» አትበሉ።

72 ሰዓት አለፈ ብሎ ጭራሽ መቅረት። ፔፕ አለፈ እንጂ ሁሉም አላለፈም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትና ኢሚውኖግሎቡሊን ገና ሊኖሩ ይችላሉ፤ የመነሻ ምርመራና ክትትሉም እንዳለ ነው። በ5ኛው ቀን ያነበባችሁም ቢሆን ዛሬ ሂዱ።

የጽዳትና የልብስ እጥበት ሠራተኞችን መዘንጋት። መርፌውን አልተጠቀሙበትም፤ ግን አንሶላ ውስጥ ተጠቅልሎ ወይም ከረጢት ወግቶ የሚያገኛቸው እነሱን ነው። የማን እንደሆነ የማይታወቀው መርፌም በብዛት የሚወጋው እነሱን ነው። ወፍራም ጓንት ይሰጣቸው፤ ከረጢት በእቅፍ ሳይሆን ከአፉ ይዘው ከሰውነታቸው አርቀው እንዲሸከሙ ይነገራቸው። የክትባት ዝርዝሩ ላይ ስማቸው ከነርሶቹ እኩል ይግባ፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈው ስልክ ቁጥርም የእነሱም መሆኑን አንድ በአንድ ንገሯቸው።